ሕመም በመቶኛ

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ባለጉዳዮቹ ባጭሩ «ቪኤ» የሚሉት፣ የአእምሮ ሕመምን የሚለካበት መሰላል ስድስት እርከን ብቻ ነው ያለው፦ 0፣ 10፣ 30፣ 50፣ 70 እና 100 በመቶ። 60 የለም፤ 80ም የለም። ፒቲኤስዲን፣ ማለትም ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ አልለቅ የሚለውን የአእምሮ ሕመም፣ ይዞ ከጦርነት የተመለሰ ሰው ከነዚህ በአንዱ ላይ ይመደባል። የወር አበሉም በዚያው ይወሰናል።

መሰላሉ የሚመዝነው ወታደሩ ያየውን መከራ አይደለም፤ መከራው ሥራውንና ከሰው ጋር መኖሩን ምን ያህል እንዳናጋበት ነው። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ድንገተኛ ፍርሃት የሚጥለው ሰው 50 ላይ ተጠቅሷል። ራስን የማጥፋት ሐሳብና ንጽሕናን መተው 70 ላይ ሰፍረዋል፤ የገዛ ስምን መርሳት 100 ላይ። እነዚህ ግን ምሳሌዎች እንጂ አንድ በአንድ መሟላት ያለባቸው መስፈርቶች እንዳልሆኑ ፍርድ ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. ወስኗል።

ጣጣው ያለው ምርመራው ላይ ነው። ተመርማሪው ለዓመታት «ቻለው» እየተባለ የሠለጠነ ሰው ነው። ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ይቀርባል፤ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና» ይላል። «ደህና» ተብሎም ይጻፍለታል። ሌሊቱን በርና መስኮት ሲፈትሽ እንደሚያድር የምታውቀው ሚስቱ ናት፤ እሷ ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ የለችም። የሚስት፣ የወንድም ወይም የጦር ጓድ የጽሑፍ ቃል በማስረጃነት የሚያዘው ለዚህ ነው። ማስረጃው ለዚህም ለዚያም እኩል ከመዘነ፣ ሕጉ ለወታደሩ እንዲፈረድ ያዛል።

ከፌብሩዋሪ 2019 ወዲህ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ሦስት በር አለው። አዲስ ማስረጃ ያገኘ ተጨማሪ አቤቱታ ያስገባል። «ማስረጃውስ ነበር፤ የሳተው ያየው ሰው ነው» የሚል፣ መዝገቡ በበላይ ገምጋሚ እንዲታይለት ይጠይቃል። እዚህ አንዲት አዲስ ወረቀት እንኳ አትጨመርም፤ የሚስቱን ደብዳቤ ይዞ የመጣ በር ስቷል። ሦስተኛው የይግባኝ ቦርዱ ነው፤ ዳኛ ፊት ቀርቦ መናገር ይቻላል፣ ወረፋው ግን ትዕግሥት ይፈትናል። ቦርዱም ከነፈገው በ120 ቀን ውስጥ የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ ወደሚያይ ልዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ይህ ፍርድ ቤት በሕግ የተቋቋመው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የመሥሪያ ቤቱ ቃል የመጨረሻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ጠበቃም ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን በቆየ ሕግ ከ10 ዶላር በላይ እንዳይቀበል ተከልክሎ ነበር። በ10 ዶላር ማን ይሟገታል?

ዛሬ ትልቁ ጠላት የቀን መቁጠሪያው ነው። ውሳኔው በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ይግባኝ ብሎ የረታ ሰው፣ ውዝፉ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ጀምሮ ይታሰብለታል። ከ30 ወደ 70 ላደገ ሰው ይህ የብዙ ወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ልዩነት ነው። ዓመቱ ካለፈበትም አዲስ ማስረጃ ይዞ መመለስ ይችላል፤ ቆጠራው ግን ከተመለሰበት ቀን ይጀምራል።