የቀይ ባሕር ዓሣ ወልድያ ቢገባ ስንት ያስወጣል?

ወልድያ የመቀሌ፣ የደሴና የወረታ መንገዶች የሚገናኙባት፣ የላሊበላ ተጓዥም የሚያልፍባት ከተማ ናት። በእንግዳ መቀበያ አዳራሹ ወይም በሳሎኑ የጨው ውኃ አኳሪየም ለማቆም የሚያስብ ባለሀብት ቢኖር፣ ዓይኑ የሚያርፈው በቀይ ባሕሩ «ሶሃል» ላይ ሊሆን ይችላል። ኪሱን ከመፍታቱ በፊት ግን ሂሳቡን መሥራት ይበጀዋል።

ሶሃል በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ ማዕበል በሚመታቸው የኮራል ድንጋዮች ዳር የሚኖር ዓሣ ነው። ስሙ ከዓረብኛ የተወሰደ ነው። እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ከ10 ዓመት በላይም ይኖራል። በጅራቱ ግራና ቀኝ እንደ ምላጭ የተሳለ እሾህ ስላለው ወገኑ «የቀዶ ሐኪም ዓሣ» ይባላል። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ የበቀለ አልጌ ሲግጥ ይውላል፤ ግጦሹንም ለሌላ አያጋራም። በጠባብ ገንዳ ከገባ ጎረቤቶቹን በእሾሁ እየወጋ ይፈጃቸዋል።

በመሆኑም ገንዳው ከ1,000 ሊትር፣ ርዝመቱም ከ2 ሜትር ማነስ የለበትም። ውኃው ብቻ አንድ ቶን ስለሚመዝን ቦታው ምድር ቤት እንጂ ፎቅ አይደለም።

ዋናው ወጪ ጨው ነው። ለአንድ ሊትር 35 ግራም ሲታሰብ ለመነሻ 35 ኪሎ ይጠይቃል። በየሁለት ሳምንቱ ከውኃው አንድ አሥረኛው ሲለወጥ በዓመት 91 ኪሎ ገደማ ይጨመራል። የመጀመሪያው ዓመት ድምር 126 ኪሎ መሆኑ ነው። «የአፋር ጨው ቅርባችን አይደለም ወይ?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። የገበታ ጨው ግን ማግኒዥየሙና ካልሲየሙ በባሕር ውኃ ልክ ስለማይገኝበት አያገለግልም። ለአኳሪየም የተዘጋጀው ጨው፣ ፓምፑና ማሞቂያው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ የዕቃው ዋጋ ከዶላር ጋር አብሮ ይወጣል።

ሁለተኛው ጣጣ መብራት ነው። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ፓምፕ ከቆመ ትልቅ ዓሣ በሰዓታት ውስጥ ሊታፈን ይችላል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከተማዋን መብራት አሳጥቷት እንደነበር የሚያስታውስ ሁሉ ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ሳይዝ ወደዚህ ሥራ አይገባም።

ምግቡ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መርሳ ገበያ የሚገዛ ሰላጣ ለክፉ ቀን እንጂ ለዘወትር አይሆንም። የሚስማማው የደረቀ የባሕር አልጌ ነው። አዲስ ገንዳ ከመርዛማ አሞኒያ እስኪጸዳ ሳምንታት፣ ድንጋዩ አልጌ እስኪያበቅል ደግሞ ወራት ይፈጃል። ይህን ሳይጠብቅ ዓሣውን የሚያስገባ ሰው ገንዘቡን ውኃ በላው ማለት ነው።

ለንግድ የሚቀርበው ሶሃል ከባሕር የሚጠመድ ስለሆነ በመንገድ መጎሳቆሉ አይቀርም። በፕላስቲክ ከረጢት ኦክስጅን ተሞልቶለት እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ቢደርስ እንኳ፣ በደሴ በኩል የወልድያ መንገድ ይቀረዋል። የእንስሳት ጤና ፈቃድም ያስፈልገዋል። በበሽታ ቢሞት የሚተካው ሌላ በቅርብ አይገኝም።

አዋጪውን የሚፈልግ ግን ወደ ደቡብ ይመልከት። በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የገባው ቆሮሶ ዛሬ የአካባቢው አስጋሪዎች እንጀራ ነው። ቆሮሶም አልጌ በል ነው፤ ጨው አይጠይቅም፣ ዶላርም አይሻም፣ ቢሞት በማግስቱ ይተካል። እንደ ሶሃል ዓይን አይስብም፤ ጠበኛነቱም ስለማይቀር ሰፊ ገንዳ ይፈልጋል።

ስለዚህ ሶሃል ለትርፍ የሚያዝ ሸቀጥ ሳይሆን ለጌጥ የሚከፈል ወጪ ነው። የዓመት ጨውና መጠባበቂያ ኃይል አስቀድሞ ያላዘጋጀ በቆሮሶ ቢጀምር ይሻለዋል። ገንዳውን መጠበቅ ለምዶ፣ የመብራቱንም ጠባይ ዓመት ሙሉ መዝግቦ ሲያበቃ፣ ያኔ ስለ ቀይ ባሕሩ ዓሣ ቢነጋገር ያምርበታል።