የበጎ አድራጎት ስጦታና የተማሪዎች የሥራ ልምምድ

ደመወዝ የማይከፈልበት የሥራ ልምምድ ወላጅ ሊደጉመው ለሚችል ተማሪ ብቻ የተከፈተ በር ነው። ስለዚህም በአሜሪካ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከለጋሾች ባገኙት ገንዘብ በንግድ ድርጅት ለሚለማመደው ተማሪ አበል ይከፍላሉ። ለጋሹ ስጦታውን ግብር ከሚከፍልበት ገቢ ላይ መቀነስ የሚችለው ግን ተቀባዩን ተቋሙ ራሱ ሲመርጥ ነው፤ እኛ ስደተኞች እንደለመድነው «ለወንድሜ ልጅ ይሰጥልኝ» ብሎ መላክ የግል ችሮታ እንጂ በጎ አድራጎት አይባልም።

የከበደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የሚደጎመው ተማሪው ነው ወይስ ነጋዴው? እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የፌዴራል የተማሪዎች ሥራ መርሐ ግብር እንኳ በመደበኛ ደንቡ ለትርፍ የቆመ ድርጅት ቢያንስ የደመወዙን ግማሽ እንዲከፍል ያስገድዳል። የሠራተኛ ሚኒስቴሩም፣ ከ2018 ወዲህ፣ ዋናው ተጠቃሚ ማን እንደሆነ ይመዝናል። እኛ በበኩላችን፣ ድርጅቱ ድርሻውን በማይከፍልበት ስፍራ ከማኅበራት መዋጮ አንድም ዶላር እንዳይወጣ እንመርጣለን።