ቀን የተቆረጠለት ሻጋታ

እንግሊዝ ውስጥ ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የካውንስል (የአካባቢ መስተዳድር) ወይም የቤቶች ማኅበር ተከራይ «ግድግዳዬ ሻገተ» ብሎ ካመለከተ አከራዩ ቀን ይቆጠርበታል። ነገሩ ለጤና ወይም ለደኅንነት አፋጣኝና ከባድ አደጋ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ አደጋውን ማስወገድ አለበት። ከዚያ ያነሰ ግን ቀላል የማይባል ከሆነ በ10 የሥራ ቀን ይመረምራል፤ ምርመራው ባለቀ በ3 የሥራ ቀን ውጤቱን በጽሑፍ ይሰጣል፣ በ5 የሥራ ቀን ደግሞ ቤቱን ከአደጋ ነጻ ያደርጋል። ካልቻለ ለቤተሰቡ በራሱ ወጪ ሌላ ማረፊያ ይፈልጋል።

ሕጉ የሚጠራው በአዋብ ኢሻቅ ስም ነው። አዋብ የሱዳናውያን ልጅ ነበር፤ ሮችዴል ውስጥ ሲኖር በዲሴምበር 2020 ሁለት ዓመት በሞላው በሳምንቱ ሞተ። አባቱ ስለ ሻጋታው ማመልከት የጀመረው በ2017 ሲሆን፣ ያገኘው መልስ «ቀለም ቀባበት» የሚል ነበር። በኖቬምበር 2022 የአሟሟት መርማሪዋ ጆአን ኪርስሊ ልጁን የገደለው ለረጅም ጊዜ የተነፈሰው ሻጋታ እንደሆነ ወሰነች። አከራዩ ማኅበርም ጥፋቱን በቤተሰቡ አኗኗር ላይ ማላከኩን አመነ።

ይህ «አኗኗር» የሚሉት ነገር የዘርፉ ትልቁ ሙግት ነው። ምግብ ሲበስል፣ ገላ ሲታጠቡ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ እንፋሎት ይወጣል፤ መውጫ ካጣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፍና ይሻግታል። እውነት ነው። ግን አየር ማስወጫው የተበላሸበት፣ መስኮቱ አልከፈት ያለበት ቤት ውስጥ ሰው ሳያበስልና ሳይታጠብ እንዲኖር ነው የሚጠበቀው? ሽንኩርት ሲያቁላላ የሚውል ሐበሻ ተከራይም ይህን ስብከት ቢሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም። የቤቶች እንባ ጠባቂው በ2021 ባወጣው ዘገባ ርዕስ ላይ፣ ጉዳዩ የአኗኗር አይደለም ብሎ በግልጽ ጽፏል።

መስፈርት ጠፍቶ አይደለም። ከ2006 ጀምሮ የካውንስል ተቆጣጣሪዎች ከእርጥበትና ከብርድ እስከ ሬደን ጋዝና እርሳስ ድረስ 29 ዓይነት አደጋ በነጥብ ይመዝናሉ፤ አንደኛ ምድብ የገባውን ዝም ብለው ማለፍ አይችሉም። መጨናነቅን የሚለካው ደንብ ግን ከ1935 የተወረሰ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከቁጥር አይገባም፣ እስከ አሥር ዓመት ያለው ልጅ ግማሽ ሰው ነው፣ ሳሎኑም መኝታ ቤት ይባላል። በዚህ ስሌት «ተጨናንቋል» ለመባል ምን ያህል መታጨቅ እንደሚያስፈልግ አስቡት።

ከዚህ የባሰው የኪራይ ጣሪያው ነበር። ቤት ሲከራይ ለሰው መኖሪያ የተገባ ይሁን የሚለው ግዴታ የሚሠራው ለንደን ውስጥ በዓመት ከ80 ፓውንድ፣ በሌላው ቦታ ከ52 ፓውንድ ለማይበልጥ ኪራይ ብቻ ነበር። ገንዘቡ ለአሥርት ዓመታት ሳይሻሻል ስለቆየ አንድም ቤት የማይነካ ሕግ ሆኖ ቀረ። ጣሪያውን ያነሣው የፓርላማ አባሏ ካረን ባክ ያስወጣችው የ2018 አዋጅ ነው።

የአዋብ ሕግ የገባበት የ2023 አዋጅ መነሻው፣ ኢትዮጵያውያንም ይኖሩበት በነበረው በግሬንፌል ሕንፃ 72 ሰው የፈጀው የ2017ቱ እሳት ነው። አዋጁ የሚገዛው ግን ማኅበራዊ አከራዮችን፣ ማለትም ካውንስሎችንና የቤቶች ማኅበራትን ብቻ ነው። የቀን ገደቡን ወደ ግል አከራዮች የሚያሻግረው ሕግ የጸደቀው ያንኑ ኦክቶበር 27 ቀን ነው፤ የሚጀምርበትን ቀን ግን ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ተወው። እስከዚያ የግል ተከራይ ካውንስሉን ደጅ ይጠናል፣ አለዚያም በ2018ቱ አዋጅ ፍርድ ቤት ይሄዳል።