ቢሮው ቤት የሚሆነው በመስኮቱ ነው
አሮጌ የቢሮ ሕንፃ ወደ ኪራይ ቤት ይለወጥ ሲባል ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ግድግዳው ጥንካሬ ነው። እኛ አርክቴክቶች ግን ቀድመን የምንለካው ከመስኮቱ እስከ ሊፍቱ ያለውን ርቀት ነው። መኝታ ቤት ያለ መስኮት አይሆንማ!

ኒውዮርክ፣ ዎል ስትሪት አጠገብ ያለውን 70 ፓይን ስትሪትን እዩት። እ.ኤ.አ. በ1932 ለአንድ የነዳጅና ጋዝ ኩባንያ የተሠራ፣ 290 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ነው፤ ዛሬ ከ600 በላይ የኪራይ አፓርታማዎች አሉት። ለምን ተሳካ? ኤር ኮንዲሽነር ሳይስፋፋ ስለተሠራ ሠራተኛው ብርሃንና አየር የሚያገኘው ከመስኮት ነበር፤ ሕንፃው ወደ ላይ በወጣ ቁጥርም እየጠበበ ይሄዳል። ከ1960ዎቹ ወዲህ የመጡት ሰፋፊ የመስታወት ሕንፃዎች ግን መሃላቸው ጨለማ ነው። እዚያ ዕቃ ቤት እንጂ መኝታ ቤት አይወጣም።

ገንዘብ የሚበላው ቧንቧ ነው። ለቢሮ በየፎቁ ጥቂት መጸዳጃ ይበቃል፤ አፓርታማ ግን እያንዳንዱ የራሱን ማድቤትና መታጠቢያ ስለሚፈልግ ወለሉ ከላይ እስከ ታች ይበሳል። የ70 ፓይን ውጫዊ ገጽታና ሎቢ ደግሞ በ2011 በቅርስነት ስለተመዘገቡ እንደፈለጉ አይነኩም።

እንዲህ ያለ ሕንፃ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ዋጋ ከመደራደራችሁ በፊት የወለሉን ፕላን አስመጡ።