ለአንድ እግር የተሠራ ሶል

ሻርኮ ማሪ ቱዝ በዘር የሚተላለፍ የነርቭ ሕመም ነው። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1886 ከገለጹት ሁለት ፈረንሳውያንና አንድ እንግሊዛዊ ሐኪሞች ሲሆን፣ ከ2,500 ሰው አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል። ረጅሞቹን ነርቮች ስለሚያስቀድም የሚጀምረው ከእግር ነው። ጡንቻዎቹ እኩል አይደክሙም፤ እግርን ወደ ላይና ወደ ውጭ የሚስቡት ቀድመው ሲዝሉ፣ ወደ ውስጥ የሚስቡት ጉልበታቸውን ይዘው ይቆያሉ። በዚህ ጉተታ የእግር ቅስት ከፍ ይላል፣ ጣቶች ይቆለመማሉ፣ ተረከዝ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። የሰውነት ክብደት በጥቂት ቦታዎች ላይ ይከመራል፤ ቁርጭምጭሚትም በትንሽ ነገር ይጠመዘዛል። በአዲስ አበባ የገርጂን የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ለሚረግጥ፣ ወይም አሳንሰር በሌለው የሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ይህ የዕለት ተዕለት ፈተና ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ እግር በልክ የሚሠራው፣ ጫማ ውስጥ የሚገባው ሶል ነርቩን አይነካም፤ የሚለውጠው እግሩ የሚያርፍበትን ወለል ነው። ባለሙያው የእግሩን ቅርጽ በጀሶ ወይም በስካነር ይወስዳል፤ ከዚያ ከፍ ያለውን ቅስት ከሥር ሞልቶ ክብደቱን ያሰራጫል፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለው አጥንት የሚያርፍበትን ጎድጎድ ያደርጋል፣ የውጩን ጠርዝ ከፍ አድርጎ ተረከዙን ያቃናል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀላል ምርመራ አለ፦ የአውራ ጣቱ ወገን በአየር ላይ ቀርቶ ቀሪው እግር ጣውላ ላይ ይቆማል። ተረከዙ ከተቃና ሶሉ ሊያርመው ይችላል፤ ካልተቃና እግሩ ደርቋልና ማመቻቸት እንጂ ማረም አይቻልም። «ከሱቅ የሚገዛው ምን አነሰው?» ለሚል መልሱ እዚህ ላይ ነው። ብዙው የሱቅ ሶል ለጠፍጣፋ እግር የታሰበ ነው፤ የውስጥ ወገኑን ከፍ ስለሚያደርግ ቀድሞውኑ ክብደቱ በውጩ ጠርዝ ላይ የሚወድቀውን እግር ይብስ ወደዚያው ይገፋዋል።

ነርቩ ካልዳነ ሶሉ ምን ይፈይዳል የሚለው ጥያቄ ከበድ ይላል። ለዚህ አገራችን የቆየ ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ልዩ ጫማ ሲሠራ የኖረው፣ ደንዝዞ የቀረውን ነርቭ ለመመለስ አይደለም። የማይሰማው እግር የሚቆስለው በአንድ ቦታ ላይ በሚደጋገም ጫና ስለሆነ፣ ጫናውን ማሰራጨት ቁስሉን ይከላከላል። በሽታው ሌላ ነው፤ አመክንዮው ግን አንድ ነው። በአውስትራሊያ 154 ቅስታቸው ከፍ ያለና እግራቸውን የሚያማቸው ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናትም፣ በልክ የተሠራው ሶል ለማነጻጸሪያ ከተሰጠው የማስመሰያ ሶል ይበልጥ የእግር ሕመምን እንደቀነሰ አሳይቷል። ማስመሰያውም ቢሆን ጥቂት አስታግሷል፤ ከተሳታፊዎቹም የሻርኮ ማሪ ቱዝ ተጠቂ ያልሆኑ ነበሩ። ስለዚህ ማስረጃው የእግርን ሕመም ስለማስታገስ እንጂ የነርቩን በሽታ ግስጋሴ ስለማቆም አይናገርም፤ ያንን የሚያስተዋውቅ ሻጭ ካለ መጠርጠር ይገባል።

ሶሉ ወሰንም አለው። የእግሩ ጫፍ ወድቆ መሬት የሚጠርግ ከሆነ ሶል ብቻውን አይበቃም፤ ከጉልበት በታች የሚታሰር የፖሊፕሮፒሊን ድጋፍ ያስፈልጋል። ሶሉ ጥልቀት ያለውና የሚታሰር ጫማ ስለሚፈልግ፣ ጫማው መገዛት ያለበት ሶሉ ከተሠራ በኋላ ነው። ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ደጃፍ ግን ጫማው ይወልቃል፤ ቤት ሲገባም የሚጠለቀው ነጠላ ጫማ ነው። ለቤት ውስጥ ሶሉ የተገጠመበት ባለማሰሪያ ሰንደል ማሠራት ይቻላል፤ ለቤተ ክርስቲያኑና ለመስጊዱ ወፍራም ካልሲ ማድረግ፣ ማታ ማታም የእግርን ሥር በመስታወት አይቶ የቀላ ቦታ መፈለግ ይገባል።