ተጨማሪ መረጃ፦ ከሐዲድ ወደ ብስክሌት መንገድ
በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት፣ በኦታጎ ገጠር፣ ከሚድልማርች እስከ ክላይድ የተዘረጋው የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1990 ተዘጋ። ሐዲዱ ከተነሣ በኋላ የመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መሬቱን ተረከበ። ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ ድልድዮቹን አደሰ፤ በ2000 ደግሞ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የብስክሌት መንገድ ተከፈተ። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ብዙ አያደክምም፤ ልጅም አዛውንትም ይሄድበታል። ጉዞው ቀናት ስለሚወስድ ጎብኚው በየመንደሩ ይበላል፣ ያድራል፣ ብስክሌት ይከራያል። በ2009 መንግሥት በመላ አገሪቱ የብስክሌት መንገዶችን ለመሥራት 50 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር መደበ።
ለውይይት፦ በመኪና አልፎ የሚሄድ ጎብኚና በብስክሌት መጥቶ የሚያድር ጎብኚ ለአንድ መንደር የሚያስገኙት ገቢ በምን ይለያያል?