ሲስተም የለም

መተማ ዮሐንስ ላይ ከሰላምታ ቀጥሎ በብዛት የሚነገር ነገር ቢኖር «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ባንክ መስኮት ላይ ይባላል፣ ነዳጅ ማደያ ይባላል፣ እኔም ራሴ በቀን ሦስት አራት ጊዜ እለዋለሁ። ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው፤ ጎን ለጎን የሞባይል ገንዘብ ወኪል ነኝ። ሱቄ የቆርቆሮ ናት። በሚያዝያ ሙቀት ከሚመጡልኝ ቀፎዎች ብዙዎቹ ተበላሽተው ሳይሆን ግለው ነው የሚዘጉት፤ ጥላ ውስጥ አሳርፌ፣ የቻርጀር ቀዳዳቸውን አቧራ በስቴኪኒ ጠርጌ እመልሳቸዋለሁ።

ማታ ሬዲዮ እሰማለሁ። የቴክኖሎጂ ዜና ሲመጣ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ። አዲስ መተግበሪያ ተመረቀ፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ሰው ተመዘገበ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሐኪሙንም የመምህሩንም ሥራ ሊያግዝ ነው ይባላል። ደስ ይለኛል። ነገር ግን ዜናው ባለቀ ቁጥር ሳይጠየቅ የቀረ አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ይህ ነገር ምን ይሆናል?

ጥያቄው ለምን እንደማይለቀኝ ላጫውታችሁ። አንድ ዓመት ጥቅምት ማለቂያ ላይ ነው፤ ሰሊጡ ታጭዶና ተራግፎ፣ ከደጋ የወረደው ጉልበት ሠራተኛ ሒሳቡን ይዞ ወደ አገሩ የሚመለስበት ሰሞን። ሃያ ዓመት ቢሆነው የሚገርም አንድ የበለሳ ልጅ ሱቄ ደጃፍ ቆመ። እጁ በሰሊጥ አገዳ ተቧጭሯል፣ ነጠላ ጫማው በሽቦ ተጠግኗል። አሠሪው የወር ከምናምን ድካሙን በስልክ ልኮለታል። መልእክቱን ከፍቶ አሳየኝ፤ 9,400 ብር።

«ጋሼ፣ ቶሎ አውጣልኝ። መኪናው ሊነሳ ነው።»

ሞከርኩ፤ አልሄደም። መብራት ከሌሊት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር፣ የታወሩ ባትሪም ደክሟል። ሲስተም የለም አልኩት። ልጁ ስልኩን ገልበጥ አድርጎ አየው፤ መልሶ ዓይኔ ሥር ደቀነው። «ብሩ እኮ ይኸው!»

ልጁ ብቻ አይደለም እንዲህ የሚያስበው። ብዙ ሰው ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ስልኩ ውስጥ ያለው ወሬው ነው። ማን ስንት እንዳለው የሚናገረው መዝገብ የተቀመጠው አዲስ አበባ ባሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። የእኛ ስልክ ሥራ ያንን መዝገብ መጠየቅና መልስ ማምጣት ነው። ጥያቄው ከቀፎው ወደ ታወሩ፣ ከታወሩ ደግሞ ደጋውን ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ከዚህ እስከ ጎንደር ብቻ እንኳ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመንገዱ አንዱ ቦታ ቢቆረጥ፣ አንድ ታወር ነዳጅ ቢያልቅበት፣ ጥያቄው እዚያው ይቀራል። የልጁ ብር አልጠፋም። ወደ ብሩ የሚወስደው መንገድ ነው የጠፋው። ይህንን ግን መኪናው ሊያመልጠው ላለ ሰው እንዴት ትነግረዋለህ?

ደብተር አወጣሁ። ስሙን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ የመልእክቱን ቀንና መለያ ቁጥር ጻፍኩ፤ 3,000 ብር ቆጥሬ ሰጥቼ አስፈረምኩት። መሳፈሪያውም፣ ለእናቱ የሚገዛላት ነጠላም ከዚያ ይወጣለታል። በሦስተኛው ቀን ኔትወርኩ መጣ። እኔ ሳልደውልለት፣ ገና ሱቄን ሳልከፍት፣ 3,000 ብሩ ገባልኝ።

ሁሉም ግን እንደዚያ ልጅ አይደለም። በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ያንኑ አንድ መልእክት ለእኔም ለጎረቤቴም አሳይቶ ከሁለታችንም ወሰደ። ኔትወርኩ ሲመለስ ሒሳቡ ላይ የነበረው ለአንዳችን ብቻ የሚበቃ ነበር። ጎረቤቴ ቀደመኝ።

ኋላ እንደተረዳሁት፣ ሶፍትዌር ለሚሠሩ ሰዎች ይህ የታወቀ ችግር ነው፤ አንድን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ማውጣት ይሉታል። መዝገቡ ሳይጠየቅ ገንዘብ ከወጣ፣ ያው ገንዘብ ሌላም ቦታ እንዳይወጣ የሚከለክለው የለም። ባንኮች ሲስተም ሲጠፋ መስኮታቸውን የሚዘጉት ለዚህ ነው። ፍርሃታቸው እውነት መሆኑንም በመጋቢት 2016 አይተናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙን ሲያሻሽል በተፈጠረ ስህተት፣ በአንድ ሌሊት ሰዎች ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዘንድ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፣ በየኤቲኤሙ ሰልፍ ሆነ። ባንኩ የወጣበትን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ብሎ፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛውን ማስመለሱን ተናገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ክራውድስትራይክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ቆሙ፤ አውሮፕላኖች ሳይነሱ ቀሩ፣ ሆስፒታሎች ወደ ወረቀት ተመለሱ። ያን ቀን «ሲስተም የለም» የእኛ ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ ባንክ ለምን ይጠነቀቃል አልልም። የምለው፣ በጥንቃቄና መስኮት በመዝጋት መካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ የሶፍትዌር ሰዎቻችን ያንን ቦታ ሊያርሱት ይገባል። ሕንድ አርሳዋለች። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ጥር 2022 ባወጣው ደንብ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈል ክፍያን ፈቀደ። በአንድ ጊዜ ከ200 ሩፒ፣ በድምሩ ከ2,000 ሩፒ እንዳይበልጥ ግን ገደበው። ኔትወርክ ተገኝቶ ሒሳቡ ሲሞላ ሰውዬው እንደገና መክፈል ይችላል። ቢታለል የሚያጣው ትንሽ ነው፤ የሚያገኘው ግን ዳቦ ነው። እኔ ለበለሳው ልጅ ከ9,400 ውስጥ 3,000 ብቻ የሰጠሁትም በዚሁ ሒሳብ ነበር፤ ደንብ አውቄ ሳይሆን ልቤ ፈርቶ።

የኔትወርክን ነገር ከጎረቤት አገርም አይቻለሁ። ሱዳን ላይ ጦርነቱ የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ነው፤ ለእኛ ቅዳም ስዑር ነበር። ከፋሲካው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከድንበሩ ማዶ ካለችው ገላባት በኩል ሰው ይጎርፍ ጀመር። የእኛም ልጆች ነበሩበት፣ ሱዳኖችም፣ የሌላ አገር ሰዎችም። ኋላ ስደተኞቹ ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ገቡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ከተማችን ውስጥ በየጥላው ነበሩ፣ ሱቄም የስልክ መሙያ ሆነች። አንድ ሸምገል ያሉ የኦምዱርማን ነጋዴ በየቀኑ ይመጡ ነበር። ኪሳቸው ባዶ ነው፤ ስልካቸው ላይ ግን የካርቱም ባንክ መተግበሪያ አለ። ባንከክ ይሉታል፣ «ባንክህ» ማለት ነው። ከዚያ ለገንዘብ መንዛሪ ያስተላልፋሉ፣ መንዛሪው ብር ይሰጣቸዋል። መተግበሪያው የሚሠራው ግን ኢንተርኔት ሲያገኝ ነው፤ የእሳቸው ሲም ካርድ ደግሞ የሱዳን ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ወደ ኬላው አቅጣጫ ከፍ ያለ ቦታ ፈልገው ይወጡና ስልካቸውን ሽቅብ ይዘው ይቆማሉ። ሚስታቸው ከታች ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ያዩዋቸዋል። እጃቸውን ዝቅ ካደረጉ ተሳክቷል ማለት ነው። አንድ ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ እጃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

በጥር 2016 መጨረሻ ደግሞ የሱዳን ሦስቱ ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች፣ ዜይን፣ ሱዳኒና ኤምቲኤን፣ አገልግሎታቸው ተቋረጠ። ካርቱም ውስጥ ተኪያ የሚባሉት ለችግረኛ ወጥ የሚቀቅሉ የሰፈር ማዕድ ቤቶች የሚተዳደሩት በአብዛኛው ውጭ ያሉ ዘመዶች በባንከክ በሚልኩት ገንዘብ ነበር፤ ብዙዎቹ እሳታቸውን አጠፉ። መተግበሪያ ሲጠፋ ድስት አብሮ ይጠፋል ብሎ ያሰበ ፕሮግራመር የነበረ አይመስለኝም።

እኛ ጋም ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለረጅም ወራት ተቋረጠ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተማርኩ፤ ለአንባቢም የሚጠቅም ይመስለኛል። ስማርት ስልክ ላይ የሚጫነው መተግበሪያ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኮከብ ብለን ቁጥር መትተን መሰላል የምንለው ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ የስልክ ጥሪ «ደወልኩልህ» ብሎ መልእክት በሚያስተላልፍበት በዚያው ጠባብ መስመር። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ሲጀመር ከመተግበሪያው ጎን ኮከብ 127 መሰላል ባይኖረው ኖሮ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ሰሞን የድምፅ ኔትወርክ ያለው ሰው እንኳ ገንዘቡን አያገኝም ነበር። ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲነሣም በተራው ስልክ፣ በሲም ካርዱ ላይ ነው የተነሣው። ሥሩ ያለው እዚያ ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የምወደው 929 ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት በሚያዝያ 2000 ግብይት ከጀመረ በኋላ፣ ዋጋ በስልክ በድምፅ የሚነገርበት ይህ ቁጥር መጣ። አንድ አርሶ አደር ጎረቤታችን ነበሩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ። ባለቁልፍ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ይለጥፉና የሰሊጡን ዋጋ በአማርኛ ያደምጣሉ፤ ከዚያ ጆንያቸው ላይ ወደተደገፈው ደላላ ዞር ብለው «በል አሁን ንገረኝ» ይላሉ። ደላላው የሚለው ዋጋ ያን ቀን ከወትሮው ይሻላል። ማያ ገጽ የለው፣ ኢንተርኔት የለው። የሚያስፈልገውን ሰው አስቀድሞ ያሰበ ሥራ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ዜናው ላይ ግን ከአንድ ሰሞን በላይ አልቆየም።

መተማ ዮሐንስ ስሟን ያገኘችው መጋቢት 1881 እዚህ ከወደቁት ከአፄ ዮሐንስ ነው። ስልክ ኢትዮጵያ የገባው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነበር። ድንበር ላይ መኖር ማለት ወሬም ዕቃም መጨረሻ ላይ የሚደርስህ፣ ችግሩ ግን መጀመሪያ የሚደርስህ መሆኑን አያቶቻችንም ያውቁታል። እዚህ የሠራ ነገር የትም ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች ሥራቸውን ከማስመረቃቸው በፊት አንድ ሳምንት ይዘውት እዚህ ቢመጡ እወዳለሁ፤ ሱቄ ውስጥ ወንበር አለ።

በሐምሌ 2016 የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲታወጅ፣ ሱቄ ውስጥ የሚያግዘኝ ልጅ ተመዘገበ። ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው፣ ቪዲዮው ከባድ ነው። ጎንደር ዘመድ ጥየቃ በሄደ ቁጥር አውርዶ ይመጣና ማታ ማታ ያያል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ደብተሬን ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን ደብተር ስልክ ላይ ላድርጋት?»

አደረጋት። ኔትወርክ ሲጠፋ የተሰጠውን ብር ስልኬ ላይ በተራ ይመዘግባል፤ ኔትወርኩ ሲመለስ የቱ እንደተከፈለ የቱ እንዳልተከፈለ እያየን ምልክት እናደርጋለን። ሲሞክረው ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጎ፣ አጥፍቶ፣ እንደገና አስነሥቶ ነው፤ አንድም መስመር እንዳይጠፋ። በመጀመሪያው ሙከራ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዘገበ፣ ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር ሰጥቶ አስተካከለው።

ልጁ ያንን ሁለት ሱቅ የዞረ ሰውዬም አልረሳውም። የእኔና የጎረቤቴ ስልክ ያለ ኢንተርኔት፣ እርስ በርስ በዋይፋይ ተገናኝተው፣ አንዱ ጋ የታየ መልእክት ሌላው ጋ እንዲታወቅ አድርጓል። ከመንገዱ ማዶ እስካለው ሻይ ቤት ድረስ ይደርሳል። መናኸሪያው በር ላይ ያለው ወኪል ግን ይርቀናል። ልጁ ትናንት ከሰዓት ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ስልኩን ይዞ ሲቆም አየሁት፤ እስኪወርድ መሰላሉን ያዝኩለት።